ከኮልፌ እስከ ኢተያ

በአማርኛ ቋንቋችን «ሸፈተ» የሚለው ቃል ከ«ሰረቀ» ወይም ከ«ቀማ» ጋራ አንድ አይደለም። ሌባ ሌሊት ይሄዳል፤ ቀማኛ መንገድ ይጠብቃል፤ ሽፍታ ግን በጥንቱ አነጋገር በደል ደርሶበት በዳኛ ደጅ ቆሞ «አቤት!» ያለና ሰሚ ያጣ ሰው ነው። እርግጥ ነው፥ ከጫካ ከገባ በኋላ ብዙው ሽፍታ ቀማኛ ሆኖ ቀርቷል። ነገር ግን ሕዝቡ ስለ አንድ ሽፍታ ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ወሰደ?» ብሎ ሳይሆን «ምን በድለውት ነው?» ብሎ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም ካሳ ኃይሉ ይባሉ በነበረበት ዘመን በቋራ በረሓ ሸፍተው እንደ ነበር ሲነገር፥ ተናጋሪው ይህን እንደ ነውር አይቈጥረውም።

ከዚህ አነጋገር አንድ ሥርዐት እናገኛለን። ይኸውም አቤቱታ አስቀድሞ፥ ሽፍትነት ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ መሆኑን ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዐመፅ መሪዎች ሲጽፉ በብዛት የሚጀምሩት ጠመንጃው ከተነሣበት ቀን ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ከጠመንጃው በፊት ያለውን ዘመን፥ ማለት ደብዳቤ የተጻፈበትን፥ ጉባኤ የተደረገበትንና መልስ የተጠበቀበትን ጊዜ ለመመልከት አስቤአለሁ። ምሳሌዎቼም ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዓለም የሚያውቃቸው ኔልሰን ማንዴላ፥ ሁለተኛው የእርሳቸው የጦር ትምህርት መምህር የነበሩት ጀኔራል ታደሰ ብሩ ናቸው። የአገራችንን ነገር በአገራችን አቈጣጠር፥ የውጭውን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የምኖረውም በአሰላ ከተማ፥ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። ከአዳማ ተነሥቶ በዴራ፥ በኢተያና በጎንዴ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣውን መንገድ ያልተመላለሰበት የአሰላ ሰው የለም። በመስከረም ወር የኢተያ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ስንዴ ለብሶ ሲታይ፥ እዚህ ቦታ ከስንዴ በቀር ሌላ ነገር ተዘርቶ ያውቃል ብሎ የሚያስብ መንገደኛ ጥቂት ነው። ተማሪዎቼን ስለ ማንዴላ ስጠይቃቸው እጁን የማያነሣ አይገኝም። ስለ ሮብን ደሴት ይነግሩኛል፤ ስንት ዓመት እንደ ታሰሩም በትክክል ያውቃሉ። በገዛ አገራቸው ሜዳ በ1958 ዓ.ም. ስለ ተደረገው ጉባኤ ስጠይቃቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ሰው እጅ የተያያዙ መሆናቸውን ስነግራቸው ደግሞ ይደነቃሉ።

አስቀድመን የሩቁን እንመልከት። የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ በአንድ ቀን ተነሥቶ ጦር አልመዘዘም። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ የተባለው ማኅበር በ1912 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም መሪዎቹ ጠበቆች፥ ቄሶችና መምህራን ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቁሮች ከጥቂት ክልል በቀር መሬት እንዳይገዙ የሚከለክል ሕግ በወጣ ጊዜ፥ በ1914 መልእክተኞች መርጠው ወደ ሎንዶን ላኩ። መልእክተኞቹም ለእንግሊዝ መንግሥት አቤት ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ልመና፥ ሰላማዊ ሰልፍ፥ ሥራ የማቆም አድማ ሆነ። በመጋቢት 1960 በሻርፕቪል ከተማ የይለፍ ወረቀት ሕግን ለመቃወም በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኵሶ 69 ሰዎች ገደለ፤ በማግሥቱም ወር ኮንግረሱ በሕግ ታገደ።

በዚያም ጊዜ ቢሆን የመጨረሻው ደብዳቤ ገና አልተጻፈም ነበር። በ1961 ማንዴላ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፌርቩርት ደብዳቤ ጽፈው፥ የሁሉም ዘር ወኪሎች የሚገኙበት ብሔራዊ ጉባኤ ተጠርቶ ለአገሪቱ አዲስ ሕገ መንግሥት እንዲዘጋጅ ጠየቁ። መልስ አልመጣም። ማንዴላ በ1962 ተይዘው ፍርድ ቤት በቀረቡ ጊዜ ጠበቃ ሳያቆሙ ራሳቸው ተከራክረው ነበርና፥ ምስክር ሆኖ የቀረበውን የጠቅላይ ሚኒስትሩን የግል ጸሐፊ ስለዚህ ደብዳቤ ጠየቁት። ጸሐፊው ደብዳቤው መድረሱን አልካደም፤ መልስ አለመሰጠቱንም አመነ፤ ይህ ነውር መሆኑን ግን አልቀበልም አለ።

የመንግሥት ሥራ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ነገር ቆም ብሎ እንዲያስበው እለምናለሁ። በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ድምፅ የመስጠት መብት እንዲያገኝ የሚጠይቅ ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተላልፎ፥ በመጨረሻ ከመዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ። ጸሐፊው ክፉ ሰው ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ምናልባት ሥራውን በደንብ የሠራ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ወረቀቱ በተኛበት በዚያው ዓመት፥ በታኅሣሥ 1961፥ «ኡምኮንቶ ዌሲዝዌ» የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን ፈንጂ አፈነዳ። የስሙ ትርጓሜ «የሕዝብ ጦር» ማለት ነው። በእነርሱ ቋንቋ «ጦር» ማለት የሚወረወረው ነው፤ በእኛ ቋንቋ ግን ሠራዊቱንም ይጨምራል። ማንዴላ የዚህ ድርጅት መሪ ሆነው ሠራዊት ሊያደርጉት በፈለጉ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ አዞሩ።

በ1954 ዓ.ም. ጥር ሊፈጸም የካቲት ሊገባ ሲል፥ የምሥራቅ፥ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። ማንዴላ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ተሰውረው መጡ። ከካርቱም የተሳፈሩበትን የኢትዮጵያ አውሮፕላን የሚነዳው ጥቁር ሰው መሆኑን ባዩ ጊዜ እንደ ደነገጡ፥ በኋላም ስለ ድንጋጤያቸው ራሳቸውን እንደ ታዘቡ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ጉባኤውን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፈቱ፤ ማንዴላም ከእርሳቸው ቀጥለው በእውነተኛ ስማቸው ተናገሩ። ጥቁር ወታደር በጥቁር ጀኔራል ሲታዘዝ፥ ይህንንም የጥቁር አገር ንጉሥ እንግዶች ሲያጨበጭቡለት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በኢትዮጵያ ነበር። ይህን ክብር የሰጠቻቸው ኢትዮጵያ መሆኗን እኔም በክፍል ውስጥ በኩራት እናገራለሁ፤ ኩራቱም ይገባናል።

ማንዴላ የሰሜኑንና የምዕራቡን አፍሪካ፥ እንዲሁም ሎንዶንን ዞረው ተመለሱና በዚያው ዓመት ክረምት በኮልፌ፥ በፖሊስ ሠራዊት ሰፈር፥ የውትድርና ትምህርት ጀመሩ። ዒላማ መተኰስ፥ ፈንጂ ማጥመድ፥ ሞርታር መተኰስ፥ ስንቅና መሣሪያ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ ተማሩ። ማታ ማታ ስለ ጦር አመራር የሚያስተምሯቸው ታደሰ ብሩ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ኮሎኔል ነበሩ።

ታደሰ ብሩ የሰላሌ ሰው ናቸው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገና በልጅነታቸው ተይዘው እስከ ሞቃዲሾ ታስረው ነበር። ከነፃነት በኋላ ወታደር፥ ቀጥሎም የፖሊስ መኰንን ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኰንኖች መንግሥት ለመገልበጥ በሞከሩ ጊዜ ሙከራውን ካከሸፉት አንዱ ነበሩ። እንግዲህ የዐመፅ መሪውን ዐመፅ እንዲያስተምሩ የተመረጡት መኰንን በገዛ አገራቸው የዘውዱ ታማኝ ጠባቂ ነበሩ ማለት ነው።

ማንዴላ ስለ መምህራቸው አንድ ነገር ጽፈዋል። አንድ ማታ እራት ላይ ሳሉ ኮሎኔሉ ስለ ነፃነት ሠራዊት ያስረዷቸው ነበር። የነፃነት ሠራዊት እኩልነት ያለበት ሠራዊት ነው፤ አዛዡ በሥራ ሰዓት በሙሉ ሥልጣን ያዝዛል፤ ከሥራ ውጭ ግን ከመጨረሻው ወታደር ጋራ እኩል ሆኖ የሚበሉትን ይበላል፥ የሚጠጡትን ይጠጣል፥ ብቻውን አይቀመጥም የሚል ነበር ትምህርቱ። በዚህ መካከል አንድ የበታች ሹም ገብቶ ስለ አንድ መቶ አለቃ ጠየቀ። ኮሎኔሉ በንቀት ተመልክተው፥ ከትልቅ ሰው ጋራ ስበላ እንዴት ታቋርጠኛለህ ብለው ተቈጥተው አስወጡት፤ ወዲያውም ወደ እኩልነት ትምህርታቸው ተመለሱ።

ይህን ያነበበ ሁሉ ይስቃል። እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን ማንዴላ ይህን የጻፉት ለማዋረድ አይመስለኝም፤ መምህራቸውን እንደሚያከብሩ ከጽሑፉ ሁሉ ይታያል። ደግሞስ ከእኛ መካከል በዚያ የእራት ጠረጴዛ ያልተቀመጠ ማን ነው? ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የሚናገር ንግግር እያዘጋጀ ሳለ ደጁን ያንኳኳውን ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» የሚል ሹም ስንት ነው? ታሪኩ የአንድ ኮሎኔል ጠባይ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ መንግሥት ጠባይ ምሳሌ ይመስለኛል። የሩቁን እንግዳ እኩልነት እያስተማረ፥ የራሱን የበታች ከደጅ ይመልስ ነበርና።

የስድስት ወር ትምህርት ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ድርጅታቸው ስለ ጠራቸው ማንዴላ ሳይጨርሱ ሄዱ። ኮሎኔል ታደሰ ሲያሰናብቷቸው አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋራ በስጦታ ሰጧቸው። ማንዴላ አገራቸው ከገቡ ብዙም ሳይቆዩ ነሐሴ 5 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. በመንገድ ላይ ተያዙ።

አሁን ወደ ቅርቡ እንመለስ። ማንዴላ ከሄዱ ገና ዓመት ሳይሞላ፥ በጥር 1955 ዓ.ም.፥ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ነበሩ። ማኅበሩ በሕግ የተመዘገበ ነበር፤ አባላቱም ገንዘብ አዋጥተው በየገጠሩ ትምህርት ቤት፥ የጤና ጣቢያና መንገድ ለማሠራት ተነሡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በሥራ ሊተረጕሙት ነበር ማለት ይቻላል። ታደሰ ብሩ ከማኅበሩ የገቡት ወደ ዓመት ተኩል ገደማ ቆይተው ነው። በዚያን ጊዜ መሃይምነትን ለማጥፋት የተቋቋመውን የፊደል ሠራዊት ይመሩ ነበር። አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን የኦሮሞን ሕዝብ ለማስተማር ብዙ አትቸኵል ብለው እንደ መከሯቸው፥ ከማኅበሩ ያስገባቸውም ይህ ንግግር እንደ ሆነ ይነገራል። ንግግሩ ቃል በቃል እንዲህ መሆኑን ልመሰክር አልችልም፤ ነገር ግን ሰውዬው ከዘውድ ጠባቂነት ወደ አቤቱታ አቅራቢነት የተሻገሩት በትምህርት ጕዳይ መሆኑ ከጠባያቸው ጋራ ይስማማል።

በዚያ ዘመን የአርሲ ገበሬ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማያውቀው ወጣት ጥቂት ልንገረው። መሬቱ ለም ነው፤ ስንዴውና ገብሱ ይበቅላል፤ የሚያርሰው ግን አብዛኛው ጭሰኛ ነበር። ካመረተው ሲሶውን፥ አንዳንድ ጊዜም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጣል። ባለ መሬቱ በፈለገው ጊዜ «ልቀቅ» ቢለው የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። ቆይቶም፥ በ1960 ዓ.ም. ግድም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሥራ ጀምሮ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ባስገባ ጊዜ ምርቱ በረከተ። ነገር ግን መሬቱ ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኛ አስለቀቁ። መልካም ሥራ እንኳ ከመብት ጋራ ካልተያያዘ ደካማውን እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

እንግዲህ ግንቦት 7 ቀን 1958 ዓ.ም.፥ እሑድ፥ ማኅበሩ በኢተያ ታላቅ ጉባኤ አደረገ። ከአርሲና ከሌላውም ጠቅላይ ግዛት እጅግ ብዙ ሕዝብ መጣ። ጀኔራል ታደሰ በእነዚህ ጉባኤዎች የሚናገሩት ስለ ጠመንጃ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግብር ይከፍላል፥ ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ፥ ከሐኪም ቤቱ፥ ከመንገዱ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚያርሰውም መሬት የራሱ አይደለም የሚል ነበር። ሒሳብ ነበር ማለት ይሻላል፤ የተከፈለውና የተቀበለው ተነጻጽሮ የቀረበ ሒሳብ።

በዚያ ቀን ልጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በኢተያ አጠገብ ይኖራሉ። አንድ ቀን ስለ ነገሩ ጠየቅኋቸው።

«ኦቦ፥ የተነገረውን ያስታውሳሉ?»

«ልጄ፥ እኔ የማስታውሰው የአባቴን ፈረስ ነው» አሉኝ። «ከኋላው አፈናጦኝ መጣን። ንግግሩን ሰው ከፊት እየሰማ ወደ ኋላ ያቀብለው ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ አጥሮ ይደርሳል። አባቴ ግን የመዋጮ ደረሰኝ ተቀበለ። ማንበብ አይችልም፤ ቢሆንም በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። የታሰሩት ሲታሰሩ ግን ከጎተራው ሥር ቀበረው።»

«ምን አደረጉት በኋላ?»

«ምስጥ በላው» አሉና ሳቁ። ቀጥለውም፥ «ስሙ የተጻፈበት የመጀመሪያ ወረቀት እርሱ ነበር» አሉኝ።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ስለ ኢተያ ጉባኤ ባሰብሁ ቍጥር አስቀድሞ የሚታየኝ የሕዝቡ ብዛት ሳይሆን ያ ደረሰኝ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከፍሎ፥ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት እንደ መሣሪያ ሊደብቀው ተገደደ።

በጉባኤ መነጋገር ለአርሲ ሕዝብ ከውጭ የመጣ ነገር አልነበረም። በገዳ ሥርዐት አባ ገዳው ስምንት ዓመት ያገለግልና ተራው ሲደርስ ሥልጣኑን ለሚቀጥለው ያስረክባል፤ ሽማግሎች በኦዳ ዛፍ ጥላ ተቀምጠው ሁሉም እስኪናገር ይሰማሉ። የአርሲ ሴቶች ስንቄያቸውን ይዘው በጠበኞች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል። ማንዴላም ዴሞክራሲን መጀመሪያ የተማሩት ከአውሮፓ መጽሐፍ ሳይሆን፥ ባደጉበት በቴምቡ ሕዝብ እንደራሴ በጆንጊንታባ ግቢ ከተደረገው ሸንጎ እንደ ነበር ጽፈዋል። በዚያ ሸንጎ ባላባቱ ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር፤ ቢነቅፉትም አይቈጣም ነበር። ሴቶች አለመናገራቸውን ግን ማንዴላ እንደ ጕድለት ጽፈውታል። እንግዲህ ሁለቱም ሰዎች የጠየቁት ሕዝባቸው የማያውቀውን ነገር አልነበረም።

አሁን የ1958 ዓ.ም. ክረምት መጣ። ኢትዮጵያና ላይቤርያ ከስድስት ዓመት በፊት በዓለም ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካን ከሰው ነበር። ክሱ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፥ የዛሬይቱን ናሚቢያን፥ የሚመለከት ነበር፤ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በአደራ የተሰጠውን ሕዝብ በዘር ለያይቶ መብቱን ነፍጎታል የሚል ነበር። ከኢተያ ጉባኤ ሁለት ወር በኋላ፥ ሐምሌ 11 ቀን 1958፥ ፍርድ ቤቱ በሔግ ከተማ ውሳኔውን ሰጠ። ኢትዮጵያና ላይቤርያ በዚህ ጕዳይ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ መብት ስለሌላቸው ክሱን አልቀበልም አለ። አፍሪካ በሙሉ በዚህ ፍርድ አዘነ፤ ሐዘኑም ትክክል ነበር።

ለአንድ ሩቅ ሕዝብ በሔግ ጠበቃ ያቆመው መንግሥት በቤቱ ውስጥ «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚባልበት መንግሥት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብንና አቤቱታ ማቅረብን ይፈቅድ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም፤ ከወረቀቱ እስከ ሜዳው ያለው መንገድም ሩቅ ነበር። በዚያው ዓመት ሔግ የኢትዮጵያን ክስ ሳይመረምር «መብት የላችሁም» ብሎ መለሰ፤ አዲስ አበባም የኢተያን ሒሳብ ሳይመረምር ባለ ሒሳቡን ጠረጠረ።

በጥቅምት 23 ቀን 1959 ዓ.ም.፥ በዘውድ በዓል ዕለት፥ በአዲስ አበባ በአንድ ሲኒማ ቤት ቦምብ ፈነዳ። በዚያው ሰሞን ጀኔራል ታደሰ ከከተማ ወጥተው ዐመፅ ለማስነሣት ሞከሩ፤ ነገር ግን ሳይቆዩ በመንግሥት እጅ ገቡ። የማኅበሩ መሪዎች ታሰሩ፤ ማኅበሩም ታገደ። ጠበቃው ኃይለ ማርያም ገመዳ በእስር በደረሰባቸው ጕዳት ሕይወታቸው አለፈ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በቦምቡ ተከሰው በ1961 ዓ.ም. በሞት ተቀጡ። ታደሰ ብሩም ሞት ተፈርዶባቸው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡላቸውና በግዞት ወደ ገለምሶ ተላኩ።

የ1966 አብዮት ከግዞት አወጣቸው፤ ነገር ግን ከአዲሱ መንግሥት ጋራም አልተስማሙም። ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋራ በሸዋ ገጠር ሸፈቱ። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሽፍትነታቸው ዓላማ እስከ ዛሬ ክርክር አለ፤ እኔ ልፈርድበት አልነሣም። ደርግ ይዞ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ገደላቸው። የገጠር መሬት ዐዋጅ የወጣው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። በኢተያ ሜዳ «መሬቱ የራሱ አይደለም» የተባለለት ጭሰኛ ከጭሰኝነት ነፃ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፥ ይህን የተናገሩለት ሰው ተገደሉ።

በዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ሊለኝ ይችላል። «መንግሥት አገርን ከመከፋፈል የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ በአንድ ሕዝብ ስም የተቋቋመ ማኅበር ነገ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ደግሞስ ቦምብ የወረደባቸው ሲኒማ ተመልካቾች ምን በደሉ?» ስለ ሲኒማው ክርክር የለኝም፤ ፊልም ሊያይ የገባን ሰው የሚጎዳ ቦምብ የማንንም በደል አይክስም። ማንዴላም ድርጅታቸው ሲጀምር የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ የኤሌክትሪክ ምሰሶና ባዶ ሕንፃ እንዲመታ ነበር የወሰኑት፤ ይህም ገደብ በኋላ ዘመን ሁልጊዜ አልተጠበቀም። ስለ መከፋፈል ግን መልስ አለኝ። ሰዎቹ በምስጢር ጫካ አልገቡም ነበር፤ ተመዝግበው፥ ደረሰኝ እየቈረጡ፥ በጠራራ ፀሐይ በሜዳ ተሰብስበው የጠየቁት ከመንግሥታቸው ነበር። ከመንግሥት የሚጠይቅ ሰው መንግሥቱን የራሱ አድርጎ ቈጥሮታል። መጠየቅ ሲተው ነው መፍራት የሚገባው።

የሁለቱ ሰዎች ዕጣ ለምን ተለያየ? ማንዴላ ሰኔ 12 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. የሞት ፍርድ ሲጠበቅባቸው ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። በሕይወት ስለ ቆዩ፥ መንግሥቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ሊነጋገር በፈለገ ጊዜ የሚያነጋግረው ሰው አላጣም። በየካቲት 1990 ተፈቱ፤ በሚያዝያ 1994 ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘር ሳይለይ ድምፅ ሰጠ። በ1961 በደብዳቤ የጠየቁት ጉባኤ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ተደረገ ማለት ይቻላል። በመካከሉ ስንት ሰው ሞተ! እኛም ዘንድ መሬት ለአራሹ ሆነ፤ ነገር ግን በዐዋጅ መጣ እንጂ ባለ ጕዳዮቹ ተቀምጠው ተነጋግረው አልወሰኑትም። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መንገድ የተናገሩት ሰዎች ግማሾቹ በዘውዱ፥ ግማሾቹ በደርጉ ዘመን አልቀው ነበርና።

ጀኔራል ታደሰ ስለ ማንዴላ መፈታት አልሰሙም፤ ተማሪያቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ሲምሉ አላዩም። ማንዴላ ግን መምህራቸውን በስም ጠርተው በመጽሐፋቸው አኖሯቸው፤ በዚህም ምክንያት በዓለም ዙሪያ የኢተያን ስም ያልሰማ አንባቢ የታደሰ ብሩን ስም ያውቃል። እኔም በክፍሌ ሁለቱን ታሪኮች ከእንግዲህ ለይቼ አላስተምርም። ማንዴላን ያስተማርነው እኛ ነን ብለን ስንኮራ፥ ያስተማረውን ሰው ምን አደረግነው የሚለውን ጥያቄ ተማሪ ሊሰማው ይገባል።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ ደብዳቤ የሚቀበሉ ሰዎች ናቸው። በጠረጴዛቸው ላይ ዛሬም የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች የፈረሙበት፥ ስለ ድልድይ ወይም ስለ መምህር እጥረት የሚናገር፥ ፊደሉ የተጣመመ ወረቀት አለ። ላኪዎቹ ዐመፀኞች አይደሉም፤ ዐመፀኛ ቢሆኑማ አይጽፉም ነበር። የጠየቁት ሁሉ ሊሟላላቸው አይችል ይሆናል፤ ገንዘቡ ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ወረቀቱ መድረሱን፥ ጕዳዩ መታየቱን፥ የሚቻለውና የማይቻለው ምን እንደ ሆነ ጽፎ መመለስ የማንኛውንም መሥሪያ ቤት በጀት አያናጋም። የፌርቩርት ጸሐፊ ለዚያ ደብዳቤ ሁለት መስመር ቢጽፍ ኖሮ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ይለወጥ ነበር አልልም። ነገር ግን ማንዴላ በዳኛው ፊት ያን ጥያቄ ሲጠይቁት የሚመልሰው ነገር ይኖረው ነበር።